የሜዳ አህያው ቤት የወደቀ ዕለት

ይህ ታሪክ የአንድ ቤት ታሪክ ነው። ቤቱ ዛሬ የለም። ከዳምቦያ ከተማ ወጣ ብሎ፣ እንሰት ከከበባቸው መንደሮች በአንዱ ውስጥ ቆሞ ነበር። ጥቁር እንጨቱና ነጭ ግድግዳው ተሰባጥሮ ከሩቅ ይታይ ስለነበር አገሬው «የሜዳ አህያው ቤት» ይለው ነበር። እኔም ከታችኛው ወለል አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖርበት ነበር። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ የሆነውን ግን እንደሆነ አስቀምጠዋለሁ።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ ዳምቦያ የተመደብኩት ፊዚክስ ላስተምር ነው። ማስረዳት እወድ ነበር፤ ልክ የሌለው መውደድ። ሳሙና ልገዛ ሱቅ ስገባ እንኳ ሳሙና ለምን አረፋ እንደሚያወጣ ለባለሱቁ ሳልነግረው አልወጣም። ሰው የማይሰማው ስላልገባው ብቻ ነው፣ በደንብ ከተብራራለት የማይቀበለው ነገር የለም ብዬ አምን ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቤቱን ያሠራው ከአብዮቱ በፊት ክሊኒክ ሊከፍት የመጣ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የሠራው ደግሞ ያኔ ጎረምሳ የነበረው አከራዬ፣ ጋሽ ሄራሞ። ሐኪሙ ያደገበት የገጠር ቤት ይናፍቀው ነበርና ሥዕሉን ሥሎ አሳየው። በእሱ አገር፣ አለው፣ ድሮ ሰው ቤቱን በእንጨት አጥንት አቁሞ ጭቃ ያለብሰዋል፤ እንዲህ ሆኖም የልጅ ልጅ ልጅ ይኖርበታል።

«ሳቅሁበት» ብለውኛል ጋሽ ሄራሞ። «ባሕር ተሻግሮ የመጣው የእኛኑ ቤት ሊያስተምረኝ ነው? እንጨትና ጭቃ አይደል! ልዩነቱ የእነሱ ጥግ አለው፣ የእኛ ክብ ነው።»

ግን ጥግ ያለው ቤት የራሱ ብልሃት ነበረው። በድንጋዩ መሠረት ላይ ወፍራም የጥድ ግንድ ይጋደማል። የእያንዳንዱ ቋሚ ግርጌ እንደ ምላስ ተጠርቦ ግንዱ ውስጥ በተፈለፈለው ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያ ከጎን በኩል ከወይራ እንጨት በተቀረጸ ሚስማር ይሰካል። በአጥንቱ ውስጥ አንድም ብረት የለም። ላይኛው ፎቅ ከታችኛው አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ስለተሠራ ቤቱ ያጎነበሰ ሽማግሌ ይመስላል። በቋሚዎቹ መካከል ቀርከሃ ተጠልፎ ጭቃ ተመርጎበታል። ሐኪሙ «እኛ ጭቃው ውስጥ የላም ፀጉር እንጨምራለን» ሲል ጋሽ ሄራሞ የእንሰት ቃጫ ጨመሩበት። በመጨረሻ እንጨቱ ጥቁር፣ ጭቃው ነጭ ተቀባ፤ የሜዳ አህያውም ቆመ። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲመለስ ቤቱን ለሠራው ሰው ተወለት።

ያ ቤት ለባለቤታቸው ለእማማ ማርታ ክብርም ቁስልም ነበር። እማማ ማርታ የሙዱላ ሰው ናቸው። ወንድሞቻቸው ሰፊ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ እህታቸው እንጨት ጠራቢ ማግባቷን እንደ ውርደት ቆጠሩት። የእጅ ባለሙያ በዚያን ጊዜ ይናቅ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ ቀርቷል አልልም። «የጠራቢ ደጃፍ አንረግጥም» ብለው ማሉ። ልጅ ሲወለድ አልመጡም፤ ልጅ ሲዳርም አልመጡም።

አሁን ስለ ሲሚንቶው ልንገራችሁ። አንድ ልጃቸው ዮሴፍ፣ ዱራሜ ከተማ ውስጥ የጤና ባለሙያ ነው፤ ወላጆቹን የሚወድ፣ ለሰው የማይታክት። እኔ ወደ ቤቱ ከመግባቴ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ አባቱን ሊያስደስት ቤቱን ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለሰነው። ጭቃ በየዓመቱ መምረግ ለሽማግሌ ከባድ ነው ብሎ ነው። ቋሚዎቹም መስመሮቹም ተሸፈኑ። ጎረቤት «የሜዳ አህያውን በቅሎ አደረግከው!» እያለ ቀለደበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። በሰፈሩ የዚያን ያህል ጠንካራ የሚመስል ቤት አልነበረም።

ጋሽ ሄራሞ ግን አንድ ቀን የምሥራቁን ጥግ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ሲያስጠጉ አገኘኋቸው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ታፍኗል» አሉኝ።

ገባኝ። ጭቃ ዝናብ ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይተፋዋል። እንጨቱ አብሮት ይረጥባል፣ አብሮት ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን ከእንጨት ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም፤ በአጠገቡ ይሰነጠቃል። ውኃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ልብስ ለብሶ እንደሚተኛ ሰው ነው።

«ለዮሴፍ እንንገረዋ!»

«እንዳትነግሪው» አሉ፤ ድምፃቸው ቆረጥ ያለ ነበር። «ልጄ በደስታ ያመጣልኝን እንዴት ብዬ ላፍርስበት? በጋ ሲመጣ ጥጉን እኔው ቀስ ብዬ እልጠዋለሁ። ያረጀውን እንጨትም እቀይረዋለሁ። እሱ ሳይሰማ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ።

«ደግሞ አትፍሪ። የእንጨት ቤት እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ አይወድቅም። ከመውደቁ በፊት ይናገራል።»

በጋው ሳይደርስ ክረምቱ ላይ ጋሽ ሄራሞ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ልቅሶው በዚያው ግቢ ተቀመጠ። በእኛ አካባቢ ለቀስተኛ በየቀበሌው፣ በየዘመዱ ተሰብስቦ በጓድ በጓድ ይመጣል፤ ገና ከመንገድ እያለቀሰ ነው የሚደርሰው። ሐዘንተኛውም ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም። ወጥቶ ይቀበለዋል፤ አብሮት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተከትሎት ይወጣል። ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን ይወጣል። ሀቢቾ ከሚባል ስፍራ የእኔ ዘመዶች ሳይቀሩ መጥተው እንዲያ ተቀብለናቸዋል።

ያልመጡት የሙዱላ ሰዎች ነበሩ። ለቀስተኛው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። «አሁንስ ይመጡ ይሆን?» «ሞት እንኳ ካላስታረቀ!» እማማ ማርታ ይህን እየሰሙ፣ ከሴቶቹ መካከል መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ዐይናቸው በር በሩን ያይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ድንኳኑ ውኃ አቁሮ ተቀደደ፤ ሰዉም ወደ ቤት ገባ። ሴቶቹ ታች፣ ሽማግሌዎቹ ላይኛው ፎቅ። ቤቱ እስከ ደረጃው ድረስ ሰው በሰው ሆነ።

የክፍሌ በር ጠዋት ራሱ አልገጥም ብሎኝ ነበር። እርጥበት ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ግን ሻርፕ ልወስድ ስገባ ከራሴ በላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ነገር ግድግዳውን መትቶ እግሬ ሥር ወደቀ። አነሣሁት። የወይራ ሚስማር ነው፤ አውራ ጣት የሚያህል፣ ከመካከሉ ጎበጥ ያለ። ከምሥራቁ ጥግ፣ አግዳሚውና ቋሚው ከተጋጠሙበት ተፈናጥሮ ነው የወጣው። ቀና ብዬ ሳይ ጣሪያው ሥር ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ከዚያ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ፤ የታመመ ሰው ሲገላበጥ የሚያሰማው ዓይነት።

ቤቱ ተናገረ።

ዮሴፍን ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ ለሽማግሌዎቹ ውኃ ይዞ ይወጣል።

«ዮሴፍ፣ ሰዉን አስወጣ። ቤቱ ሊወድቅ ነው።»

«ቲቸር፣ እባክሽ» አለ፤ ከለቅሶ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል። «የትኛው ቤት? ይሄ? በሲሚንቶ የታሰረው?»

የምመልሰው ነበረኝ፤ ግን ለአባቱ የገባሁት ቃል አፌን ያዘው። «ሚስማሩን እየው» ብቻ አልኩት።

«ያረጀ እንጨት ነው። በዚህ በረዶ የአባቴን ለቀስተኛ ውጡ ልበል?»

አልፌው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ይዘው በአግዳሚ ወንበር ተደርድረዋል። ከእነሱ መካከል የጋሽ ሄራሞ የልጅነት ጓደኛ አባባ ኤርጫፎ ነበሩ፤ እግራቸው ስለማይታዘዛቸው ዝናቡ ሲጀምር ሰው ነው አዝሎ ያወጣቸው። ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ። ክብደቱ እንዴት በወለሉ ላይ እንደሚከፋፈል፣ ይህ ፎቅ ከታችኛው ወጥቶ ስለተሠራ ጥጉ ላይ ያለው ቋሚ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ አንድ ሚስማር ሲወጣ ቀሪዎቹ ላይ ምን እንደሚመጣ። በቅደም ተከተል፣ ሰሌዳ ብቻ ነው የቀረኝ።

አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ኳ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ክፍል የገባሽ መሰለሽ?»

ሌላው ቀጠሉ። «የሆሳዕና ልቅሶ እንዲህ ነው እንዴ? ለቀስተኛ በዝናብ ይባረራል?»

«አላባረርኩም አባባ፣ እኔ...»

«ሄራሞ የሠራው ቤት ሄራሞ በሞተ በሦስተኛው ቀን ይወድቃል ብሎ መናገር ሟርት ነው። ተቀመጪ፤ አለበለዚያ ውረጂ።»

በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አልወጣም ነበር። ከልቅሶ ቤት ሰው ሲፈራ ሮጦ አይወጣም፤ የሟችን ቤት አዋረደ ይባላል። ወረድኩ። አንዱ ደረጃ ከሥሬ ተላወሰ።

የቀረኝ አንድ ሰው ነው። በሴቶቹ መካከል ተሽሎክሉኬ እማማ ማርታ አጠገብ ተንበረከክሁና ሚስማሩን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ምንም አላስረዳሁም፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው እንጂ ልቦና ገዝቼ አልነበረም።

አገላብጠው አዩት። ባላቸው በመጥረቢያና በቢላ የቀረጹት ነው፤ ያውቁታል።

«ከየትኛው ጥግ?»

«ከምሥራቁ።»

«ሲሚንቶው ውስጥ በስብሷል ሲለኝ ነበር።» እሳቸውም ያውቁ ኖሯል። ወደ ደረጃው አዩ፤ ዮሴፍ ማሰሮውን ይዞ ሲወርድ ይታያል። «ለዮሴፍ ነገርሽው?»

«ምክንያቱን አልነገርኩትም። ሽማግሌዎቹም እንቢ አሉ።»

«አይወጡም። ለወሬ ካልሆነ አይወጡም።»

ከዚያ ሚስማሩን በጡጫቸው ጨበጡት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲወሰን አየሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ልቅሶ ከተቀመጠ ወዲህ ያለ ደጋፊ ሲነሡ የመጀመሪያቸው ነው። በሩን በረገዱትና በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ።

«ወንድሞቼ! ወንድሞቼ መጡ! የሙዱላ ሰዎች መጡልኝ!»

ቤቱ አንድ ጊዜ ትንፋሹን የያዘ መሰለ። ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ላይ ተነሣ። ሴቶቹ እየጮኹ ተከተሏቸው። ከላይ የወንበር መንኳኳት፣ «መጡ?» «እውነት መጡ?» የሚል ድምፅ፣ ከዚያም በደረጃው የሚወርድ እግር። ያ ከዘራቸውን የመቱት ሽማግሌ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ፣ የፊተኛውን በእጃቸው እየገፉ ወረዱ። እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ጥጉን አያለሁ። በእያንዳንዱ እግር ከሲሚንቶው ሥር አቧራ ብን ይላል። «ቶሎ፣ እንዳያመልጣችሁ!» እላለሁ፤ ውሸቱን ተቀብዬ እኔም እያቀጣጠልኩ።

ውጭ በረዶው ቆሟል፤ ዝናቡ ግን ይወርዳል። እማማ ማርታ እጃቸውን ዘርግተው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ የወንድሞቻቸውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ በእንሰቱ መካከል ወደ መንገዱ ሄዱ። ሕዝቡ ከኋላቸው እያለቀሰ ተከተለ። መንገዱ ዳር ደረሱ።

መንገዱ ባዶ ነበር።

ለቅሶው ከፊት ጀምሮ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። እሳቸው ብቻ ባዶውን መንገድ እንደያዙ ይጣራሉ። «ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ። «ምስኪን፣ አልመጡ!» አለች ሌላዋ፤ ሹክሹክታ እንኳ አይደለም። ለስንት ዘመን በሆዳቸው ይዘው የኖሩት ነገር በአገር ሰው ፊት ተዘረጋ።

ዮሴፍ ደርሶ ጃኬቱን ትከሻቸው ላይ ጣለ። «እማዬ፣ ማንም የለም። ምነው እንዲህ ሰው ፊት?»

እሱን አልመለሱለትም። ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። «ሁሉም ወጣ?»

ሕዝቡን በዐይኔ ቃኘሁ፤ አንድ ሰው ጎደለ። «አባባ ኤርጫፎ!»

ዮሴፍ ያኔ ሁለታችንንም አየ። የገባው ይመስለኛል፤ ወደ ቤቱ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት። ለምን እንደተከተልኩ አላውቅም፤ ጉልበቴ የሚጠቅም አልነበረም።

ባዶው ቤት ውስጥ ድምፁ ጎልቷል። ከግድግዳው ውስጥ ክር እንደሚበጠስ ያለ ነገር ጠ፣ ጠ፣ ጠ ይላል። ከላይ የአባባ ኤርጫፎ ድምፅ መጣ። «ማነው? የሙዱላ ሰዎች ገቡ?»

ዮሴፍ አዘላቸው። ደረጃውን አጋምሰው ሲወርዱ ከምሥራቁ ጥግ ሲሚንቶው እንደ ትልቅ ቅርፊት ተላጠና ፊት ለፊታችን ወድቆ ተሰበረ። ቋሚው ታየ። በአንድ ወቅት ጥድ የነበረው ነገር ጠቁሯል፣ ውኃ ያንጠባጥባል፤ የበሰበሰ የእንሰት ግንድ ነው የሚመስለው። ከወገቡ በታች ምንም የለም። ቤቱን አቁሞት የነበረው ልማድ ብቻ ይመስል ነበር።

ዮሴፍ ሽማግሌውን እንዳዘለ ደርቆ ቆመ። ያንን ቋሚ ያየበትን ዐይን አልረሳውም።

«ሂድ!» ብዬ በሁለት እጄ ገፋሁት። «ዮሴፍ፣ ሂድ!»

ግቢውን ተሻግረን እንሰቱ ሥር ስንደርስ ላይኛው ፎቅ በቀስታ፣ ደክሞት እንደሚቀመጥ ሰው፣ በታችኛው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጣሪያው ታጠፈ። አቧራው ዝናቡን ተቃውሞ ለአፍታ ወደ ላይ ወጣ፤ ዝናቡም መታው።

እማማ ማርታ ከመንገዱ ተመልሰው ፍርስራሹ ፊት ቆሙ። እጃቸው ውስጥ ሚስማሩ አለ። «ሄራሞ» አሉ። ባላቸውን በስማቸው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ነው እውነተኛው ለቅሶ የተጀመረው።

ወንድሞቻቸው በዚያ ቀን አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ማሳረፍ እችል ነበር። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤት ካላችሁና በፍቅር ሲሚንቶ ካለበሳችሁት ጥጉን መታ መታ አድርጋችሁ አዳምጡት ብዬ፣ የአስተማሪነቴን መክሬ። ይህንንም እላለሁ። ነገር ግን ያ ቀን የቀየረብኝ ሌላ ነው። እኔ እውነቱን ይዤ፣ በቅደም ተከተል አስረድቼ አንድ ሰው እንኳ ከወንበሩ አላስነሣሁም። እማማ ማርታ የማዳኛውን ዋጋ ከራሳቸው ክብር ከፍለው በአንድ ጩኸት ቤቱን ባዶ አደረጉት። እስከ ዛሬ ሰሌዳ ፊት ስቆም ይህ ትዝ ይለኛል፤ ትክክል መሆን ብቻውን ማንንም ከቤት አያስወጣም። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ዝምተኛ ሆኛለሁ። ሳሙናም ዝም ብዬ እገዛለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ክረምቱ ሲወጣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እማማ ማርታ ከጓሮ ባለችው ትንሽ ክብ ቤት ይኖራሉ። ዮሴፍም ነበረ፤ ከስቷል። ከፍርስራሹ የተረፈውን እንጨት በአንድ በኩል፣ የሲሚንቶውን ስብርባሪ በሌላ በኩል ከምሮታል። ቁጭ ብለን ብዙ ከቆየን በኋላ፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ቲቸር፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ንገሪኝ። ቤቱን ምን ጣለው?»

መልሱ በአፌ ሙሉ ነበር፤ ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስከ መጨረሻው ሚስማር። ለአባቱ የገባሁት ቃልም ነበር። እሱ በገዛ ዐይኑ እንዳየም አውቃለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሲሚንቶው አይደለም እንድለው ፈልጎ ነው። እንዲመልሱልኝ እናቱን አየሁ።

እማማ ማርታ ከኋላዬ ወዳለው ክፍት በር፣ ከበሩም አሻግረው ወደ መንገዱ እያዩ ነበር።

«የሙዱላ ሰዎች ናቸው» አሉ በተረጋጋ ድምፅ። «ሁሉም አንድ ላይ ሲገቡ ከበዱት።»